የጤና መድንና የጥርስ ሕክምና ክፍያ፤ ለሰበካ ጉባኤያትና ለካህናት የተዘጋጀ ትምህርት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

መግቢያ

በብዙ አጥቢያዎች ከቅዳሴ በኋላ በዐውደ ምሕረት ላይ ከሚነገሩት ማስታወቂያዎች አንዱ የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን መዋጮ ጉዳይ ነው። ምእመናን በወቅቱ እንዲከፍሉ፣ ደብተራቸውንም እንዲያሳድሱ እንመክራለን። መምከራችን መልካም ነው። ነገር ግን መዋጮው ከተከፈለ በኋላ ገንዘቡ በየት አልፎ ወደ ሐኪሙ እንደሚደርስ፣ ለምን እንደሚከፈልና ለምን እንደማይከፈል ስንጠየቅ ብዙዎቻችን በቂ መልስ የለንም። አሠራሩን የማያውቅ መካሪ ደግሞ ምእመኑን ከደጃፉ አድርሶ በሩ እንዴት እንደሚከፈት ሳይነግረው ይመለሳል።

ይህ ትምህርት ጉዳዩን በአንድ ምሳሌ ብቻ ለማስረዳት ይሞክራል፤ ምሳሌውም የጥርስ ሕክምና ነው። ጥርስ የተመረጠበት ምክንያት አለው። በመድኑ ውስጥ የሚሸፈነውና የማይሸፈነው ጎን ለጎን የሚገኙት በጥርስ ላይ ነው፤ በጊዜ የመጣና ዘግይቶ የመጣ ሰው ዕጣ የሚለያየውም በዚሁ ነው።

የአንድ መምህር ገጠመኝ

ለፕሮጀክት ሥራ በሄድኩበት አንድ ገጠር ዜማ የሚያስተምሩ አንድ መሪጌታ አገኘሁ። በስድስት ዓመት ውስጥ ሰባት ጥርስ አጥተዋል፤ ከሰባቱ ሁለቱ የፊት ጥርሶች ናቸው። ሕመሙ ሲነሣባቸው ቅርንፉድ ይነክሱ ነበር፤ ሲብስባቸው በገበያ ቀን ጥርስ ነቃይ ዘንድ ይሄዱ ነበር። ቤተሰባቸው ግን የጤና መድን አባል ከሆነ አራት ዓመት አልፎታል፤ ደብተሩም በየዓመቱ ታድሷል።

«የኔታ፣ በደብተሩ ለምን ጤና ጣቢያ አልሄዱም?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ልጄ፣ ደብተሩ ለወባና ለወሊድ እንጂ ለጥርስ ይሆናል ብሎ የነገረኝ ሰው የለም» አሉኝ።

በዚያው ጊዜ ደቀ መዛሙርቱ ከደጅ ቀለም እየቆጠሩ ነበር። «ሰ» እና «ጸ» ሲደርሱ ከአፋቸው ቀጭን ፉጨት ይወጣል። ልጆቹ ጥርሳቸው ሙሉ ነው፤ ፉጨቱን የተማሩት ከመምህራቸው አፍ ነው። የኔታም ይህን ያውቁታል። «ዜማው ከእኔ ጋር እንዳይበላሽ እፈራለሁ» ብለው ሲነግሩኝ የማጽናኛ ቃል አጣሁ። ሰው ሠራሽ ጥርስ ለማስተከል ቢፈልጉ መድኑ አይከፍልላቸውም። በመጀመሪያው ሕመም ቀን ሄደው ቢሆን ኖሮ ግን ሕክምናቸው በደብተሩ በተስተናገደ ነበር። የዚህ ትምህርት ፍሬ ነገር ይህ ነው፤ መድኑ የታመመን ጥርስ ለማከም ይከፍላል፤ የጠፋውን ለመተካት ግን አይከፍልም።

ሦስት ወገኖችና አንድ ክፍያ

የመድን አሠራር ለቤተ ክርስቲያን ሰው እንግዳ ሊሆን አይገባም። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 10 የተጻፈውን የደጉን ሳምራዊ ታሪክ እናስታውስ። በዚያ ታሪክ ሦስት ወገኖች አሉ። የመጀመሪያው የቆሰለው መንገደኛ ነው፤ እርሱ ይታከማል እንጂ አይከፍልም። ሁለተኛው የእንግዶች ማደሪያው ጠባቂ ነው፤ እርሱ ያስታምማል። ሦስተኛው ሳምራዊው ነው፤ ሁለት ዲናር አስቀድሞ ይሰጣል፣ ከዚያ በላይ የወጣውንም በተመለሰ ጊዜ ለመክፈል ቃል ይገባል።

ስለ ሳምራዊው ርኅራኄ ብዙ ጊዜ እንሰብካለን፤ ስለ ማደሪያው ጠባቂ ግን ብዙም አንናገርም። ጠባቂው የማያውቀውን ቁስለኛ ተቀብሎ ለማስታመም የደፈረው ስለ ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ በእጁ የተቀበለው ገንዘብ አለ። ሁለተኛ፣ ምን እንዲያደርግ እንደታዘዘ ያውቃል። ሦስተኛ፣ ቀሪው እንደሚከፈለው ያምናል። ከሦስቱ አንዱ ቢጎድል ቁስለኛው በደጅ ሊቀር ይችል ነበር።

ዛሬ በጤና መድን ውስጥ የቆሰለው መንገደኛ አባሉ ነው፤ የማደሪያው ጠባቂ ጤና ጣቢያውና ሆስፒታሉ ነው፤ የሳምራዊውን ስፍራ የያዘው ደግሞ አባላቱ በኅብረት ያዋጡትና መንግሥት የሚደጉመው የመድን ቋት ነው። ስለዚህ «መድኑ ይሠራል ወይስ አይሠራም?» ከማለት በፊት «የማደሪያው ጠባቂ ገንዘቡን በጊዜ ያገኛል? የታዘዘውን በግልጽ ያውቃል? ቀሪው እንደሚከፈለው ያምናል?» ብሎ መጠየቅ ይገባል።

በአገራችን ያለው አሠራር

ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በአገራችን በሙከራ ደረጃ የተጀመረው በ2003 ዓ.ም. በትግራይ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያና በደቡብ ክልሎች በተመረጡ 13 ወረዳዎች ነው። የተቋቋመው በግብርናና በልዩ ልዩ የግል ሥራ ለሚተዳደረው፣ የወር ደመወዝ ለሌለው ሕዝብ ነው። ደመወዝተኞችንና ጡረተኞችን የሚመለከተው ሌላ ሕግ ነው፤ እርሱም የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690/2002 ነው። በእርሻ የሚተዳደሩት የገጠር ካህናትና ቤተሰቦቻቸው እንደ ማንኛውም የአካባቢው አባወራ ወይም እማወራ በማኅበረሰብ አቀፉ መድን መመዝገብ ይችላሉ።

አሠራሩ በአጭሩ እንዲህ ነው። አባልነት በቤተሰብ ነው፤ ባል ብቻውን ወይም ልጅ ብቻውን አይመዘገብም። ቤተሰቡ በዓመት አንድ ጊዜ መዋጮውን ይከፍላል፤ ከዋናው ቤተሰብ ውጭ ለሚመዘገቡ ጥገኞች ተጨማሪ ይከፈላል። የመክፈል አቅም የሌላቸው በቀበሌ ተለይተው ሲጸድቅላቸው የእነርሱን መዋጮ መንግሥት ይሸፍናል። ገንዘቡ በወረዳ ደረጃ ተሰብስቦ በባንክ ይቀመጣል። የመድኑ ጽሕፈት ቤት ከጤና ጣቢያዎችና ከሆስፒታሎች ጋር ውል ይዋዋላል። አባሉ ሲታመም ደብተሩን ይዞ በመጀመሪያ ወደ ጤና ጣቢያ ይሄዳል፤ ከጤና ጣቢያው አቅም በላይ ከሆነም የሪፈር ወረቀት ተሰጥቶት ወደ ሆስፒታል ያልፋል። ሪፈር ሳይዝ በቀጥታ ሆስፒታል የሄደ ሰው ወጪው በሙሉ አይሸፈንለትም።

ሕክምናው ከተሰጠ በኋላ የሚሆነውን ብዙዎቻችን አናየውም። ጤና ጣቢያው ለእያንዳንዱ አባል የሰጠውን ምርመራ፣ ሕክምናና መድኃኒት ከነዋጋው ይመዘግባል። መዝገቡን በየጊዜው ሰብስቦ፣ ብዙውን ጊዜ በየሦስት ወሩ፣ ለመድኑ ጽሕፈት ቤት የክፍያ ጥያቄ ያቀርባል። ጽሕፈት ቤቱ ሰነዱን መርምሮ ትክክል ሆኖ ያገኘውን ይከፍላል። ይህ አከፋፈል «በተሰጠ አገልግሎት ልክ መክፈል» ይባላል። ጤና ተቋሙ ያገኘውን ገንዘብ መድኃኒትና የሕክምና ዕቃ ለመግዛት ይጠቀምበታል። እንግዲህ ክፍያው ሲዘገይ የሚጎዳው ሒሳብ ሹሙ ብቻ አይደለም፤ የመድኃኒት መደርደሪያው ባዶ ይሆናል፤ ደብተር ይዞ የመጣውም አባል «ከውጭ ግዛ» ይባላል።

ጥርስን በሚመለከት መነሻው ቀላል ነው። ውል የገባው ተቋም የሚሰጠውን ሕክምና መድኑ ይሸፍናል፤ ከዚህ ውጭ የተደረጉት በስም ተለይተው የተዘረዘሩ ናቸው። ከተለዩት መካከል ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ ለውበት ሲባል የሚደረግ ሕክምናና በውጭ አገር የሚደረግ ሕክምና ይገኛሉ። ስለዚህ የጥርስ ሕመም ምርመራ፣ የሕመም ማስታገሻና የመግል መድኃኒት፣ አስፈላጊ ሲሆንም ጥርስ መንቀል በአባልነት የሚገኙ አገልግሎቶች ናቸው፤ ጥርስ መሙላትም አገልግሎቱ በሚሰጥበት ተቋም እንዲሁ ነው። በየወረዳው ያለው ተቋም ባለሙያና መሣሪያ እኩል ስላልሆነ ግን እያንዳንዱ ሰበካ ጉባኤ የራሱን ወረዳ ውል ጠይቆ ማወቅ አለበት።

የጥርስ በሽታ ጠባይ

ይህ የክፍያ ሥርዓት ከጥርስ በሽታ ጠባይ ጋር ሲገናኝ ምን እንደሚሆን እንመልከት። የጥርስ መቦርቦር ቀስ ብሎ የሚሄድ በሽታ ነው። በአፍ ውስጥ ያሉ ተሕዋስያን ስኳርን ወደ አሲድ ይለውጣሉ፤ አሲዱም የጥርሱን የላይኛውን ጠንካራ ሽፋን ይበላል። ቀዳዳው በሽፋኑ ላይ ብቻ ሳለ ሕመም የለውም። ወደ ውስጥ ሲዘልቅ ቀዝቃዛና ጣፋጭ ነገር ይጠዘጥዘዋል። ነርቩ ጋ ሲደርስ እንቅልፍ ይነሣል። ከሥሩ መግል ሲቋጥር ፊት ያብጣል፤ እብጠቱ ወደ አንገት ወርዶ ትንፋሽ እስከ መዝጋትና ለሞት እስከ ማድረስም ይችላል።

በመጀመሪያው ደረጃ ጥርሱ ተጠርጎ ይሞላል፤ ጥቂት ጊዜና ጥቂት ማቴሪያል ይበቃዋል። በመጨረሻው ደረጃ ግን ባለሙያው ያለው አማራጭ ሥሩን ማከም ወይም መንቀል ነው። የሥር ሕክምና ልዩ መሣሪያና ተደጋጋሚ ቀጠሮ ስለሚጠይቅ በወረዳ ደረጃ አዘውትሮ አይገኝም፤ የሚቀረውም መንቀል ነው። ሕዝባችን ደግሞ ጥርሱን የሚያሳየው ሲያመው ነው። ሕመም የበሽታው መጀመሪያ ሳይሆን መገባደጃው መሆኑን አያውቅም። በዚህ ምክንያት መድኑ ለመሙላት ሊከፍል የሚችለው ገንዘብ ሳይጠየቅ ይቀራል፤ የሚጠየቀው የመንቀያው ነው። ከተነቀለ በኋላ ያለው ሸክም በሙሉ በቤተሰቡ ላይ ይወድቃል።

የአከፋፈሉም ጠባይ በዚህ ላይ ይጨመራል። ተቋሙ የሚከፈለው ሥራ ሲሠራ ነው። ለመሙላት የተተመነው ዋጋ የማቴሪያሉን ወጪ የማይመልስ ከሆነ ተቋሙ ማቴሪያሉን ላያስገባ ይችላል። ይህ የባለሙያው ክፋት አይደለም፤ ማደሪያውን ሳይዘጋ ለመቆየት የሚያደርገው ስሌት ነው። መፍትሔው ባለሙያውን መውቀስ ሳይሆን ተመኑንና ክፍያውን ማስተካከል ነው።

ከጀርመንና ከእንግሊዝ የምንማረው

የአከፋፈል ደንብ የሐኪሙንም የታካሚውንም ጠባይ እንደሚለውጥ ለመረዳት ለረጅም ዘመን ይህን የሞከሩ ሁለት አገሮችን እንይ። በሁለቱም አገሮች የሚኖሩ የቤተ ክርስቲያናችን ልጆች የሚታከሙት በዚሁ ሥርዓት ነው።

በጀርመን የሕመም መድን በሕግ የተደነገገው እ.ኤ.አ. በ1883 ነው። የመድን ድርጅቶቹ ለጥርስ ሐኪም በቀጥታ አይከፍሉም፤ ገንዘቡ በየአካባቢው ለተቋቋመ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር ይተላለፋል፤ ማኅበሩም ለእያንዳንዱ ሐኪም በሠራው ሥራ ነጥብ ልክ ያከፋፍላል። መደበኛ ምርመራ ታካሚውን ምንም አያስከፍለውም። ሰው ሠራሽ ጥርስን በተመለከተ ግን መድኑ የሚከፍለው ከፊሉን ነው። እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2020 ጀምሮ መድኑ ለመደበኛው ዓይነት የሚሰጠው ድጋፍ 60 በመቶ ነው። ታካሚው ላለፉት አምስት ዓመታት በየዓመቱ ሳያቋርጥ መመርመሩን የሚያሳይ ማኅተም በትንሽ ደብተሩ ላይ ካለው ድጋፉ 70 በመቶ፣ ለዐሥር ዓመት ካለው 75 በመቶ ይሆናል። ከ6 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች ይህን ማኅተም ለማግኘት በየስድስት ወሩ መመርመር አለባቸው። እንግዲህ ደብተሩ ታካሚውን ሳይታመም እንዲመጣ ይገፋፋዋል፤ በጊዜ የመጣ ሰው በኋላ ቢቸገር እንኳ ይበልጥ ይረዳል።

በእንግሊዝ ሕክምና የሚከፈለው በዋናነት ከግብር ነው። የሕዝብ ጤና አገልግሎቱ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 5 ቀን 1948 ሲጀመር የጥርስ ሕክምና በነጻ ነበር፤ ሐኪሞችም በሠሩት ሥራ ቁጥር ይከፈሉ ነበር። ለዘመናት ጥርስ አጥቶ የኖረው ሕዝብ ሰው ሠራሽ ጥርስ ለማግኘት በብዛት ጎረፈ፤ ወጪውም ከታሰበው በላይ ሆነ። በ1951 ለሰው ሠራሽ ጥርስ ከታካሚው ክፍያ መጠየቅ ተጀመረ፤ በቀጣዩ ዓመትም ሌላው የጥርስ ሕክምና ተጨመረ። ያ ሕዝብ ጥርሱን ያጣው አገልግሎቱ ከመጀመሩ በፊት ነበር፤ የመተካቱ ዕዳ ግን በአዲሱ ቋት ላይ ወደቀ።

እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2006 እዚያው እንግሊዝ ውስጥ አከፋፈሉ ተለወጠ። ሐኪሙ በዓመት ሊያሟላው የሚገባ የሥራ መለኪያ ተሰጠው። ምርመራ አንድ ነጥብ፣ መሙላትና መንቀል ሦስት ነጥብ፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ ዐሥራ ሁለት ነጥብ ሆነ። በዚህ ደንብ መሠረት አንድ ጥርስ የሞላና በአንድ የሕክምና ዙር ስድስት ጥርስ የሞላ ሐኪም ያገኙት የነበረው እኩል ሦስት ነጥብ ነው። ውጤቱ ግልጽ ነው፤ ብዙ የተቦረቦረ ጥርስ ያለው ድኻ ታካሚ ለሐኪሙ ኪሳራ ሆነ። ደንቡ በ2022 ተሻሽሎ ሦስትና ከዚያ በላይ ጥርስ ለሚታከምለት ታካሚ የሚሰጠው ነጥብ ወደ አምስት ከፍ አለ።

ከሁለቱ ታሪኮች ሦስት ትምህርት እናገኛለን። ጥርስ ካጡ በኋላ የሚመጣ ወጪ ማንኛውንም ቋት ያስጨንቃል። የክፍያ ደንብ በቅንነት ቢወጣም እጅግ የተቸገረውን ሊያርቅ ይችላል፤ ስለዚህ በየጊዜው መመርመርና መታረም አለበት። ሳይታመሙ መምጣትን የሚያበረታታ ደንብ ደግሞ ታካሚውንም ቋቱንም ይጠቅማል። የእኛ አገር አቅም የእነርሱ አይደለም፤ ሦስቱ ትምህርቶች ግን ሀብት ሳይሆን ማስተዋል ይጠይቃሉ።

አጥቢያው ምን ማድረግ ይችላል?

1. በትክክል ማስታወቅ። የመዋጮ ማስታወቂያ በዐውደ ምሕረት ሲነገር ጥርስም እንደሚታከም በግልጽ ይነገር። ሰው ሠራሽ ጥርስ እንደማይሸፈንም ሳይሸሸግ ይነገር። ግማሹ ብቻ የተነገረው ሰው በሐኪሙ ፊት የተታለለ ይመስለዋል፤ በሚቀጥለው ዓመትም አያሳድስም። ማስታወቂያው መኸር በገባበት፣ በገበሬው እጅ ጥቂት ገንዘብ ባለበት ወቅት ቢሆን ፍሬው ይበልጣል።

2. ውሉን መጠየቅ። የመድኑ አባላት በጠቅላላ ጉባኤ ይወከላሉ፤ ወረዳውም የመድን ቦርድ አለው። ከአጥቢያው ምእመናን መካከል በጉባኤው የሚወከል ሰው ካለ ሰበካ ጉባኤው አራት ጥያቄዎችን ያስይዘው። በወረዳችን ውል የገባው የትኛው ተቋም ጥርስ ይሞላል? ለመሙላት የተተመነው ዋጋ ማቴሪያሉን ይሸፍናል? ለተቋሙ የመጨረሻው ክፍያ መቼ ተፈጸመ? መድኃኒት ከውጭ የገዛ አባል ደረሰኝ ይዞ ቢመጣ ይመለስለታል? እነዚህ ጥያቄዎች በክስ መንፈስ ሳይሆን በባለቤትነት መንፈስ ሊቀርቡ ይገባል፤ ቋቱ የአባላቱ ነውና።

3. የአብነት ተማሪዎችን ማሰብ። አባልነት በቤተሰብና በወረዳ መሆኑን አይተናል። የአብነት ተማሪ ግን ከወላጆቹ ተለይቶ፣ ወረዳ ብቻ ሳይሆን ክልልም ተሻግሮ በጎጆ የሚኖር ነው። ወላጆቹ ደብተር ቢኖራቸው እንኳ ደብተሩ ከእርሱ ጋር አይደለም። ጥርሱ ሲያብጥ በማን ስም ይታከማል? ይህን ጥያቄ ወደ ወረዳው ይዞ የሚሄደው ሰበካ ጉባኤው ነው። የጉባኤ ቤቱን ተማሪዎች በስም ዘርዝሮ፣ መዋጮ ከአጥቢያው የሚከፈልላቸውን ወይም በድኻ ድኻ መዝገብ የሚካተቱትን ለይቶ፣ በደብዳቤ ጠይቆ መልሱን በቃለ ጉባኤ ማስፈር ይገባል።

4. ቤት ውስጥ የሚደረገውን ማስተማር። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ፍሎራይድ ያለውን የጥርስ ሳሙና መሠረታዊ ከሆኑ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቷል። መፋቂያችንም የተናቀ አይደለም፤ ንጹሕ መፋቂያ በአግባቡ ከተጠቀሙበት ቆሻሻን ያስወግዳል። ለቅዱስ ቁርባን የሚዘጋጁ ምእመናን ውኃ እንዳይውጡ ሲሉ ጠዋት ጥርሳቸውን አያጸዱም፤ እነዚህን ማታ ጾሙን ከመጀመራቸው በፊት ተግተው እንዲያጸዱ የንስሐ አባቶች ቢመክሯቸው ሥርዓቱም ይጠበቃል፣ ጥርስም አይጎዳም። ለልጆች በበዓልና በሰንበት ትምህርት ቤት የምናድለው ከረሜላም በዳቦና በቆሎ ቢተካ መልካም ነው።

5. ጎጂውን ልማድ መከልከል። ተቅማጥ የያዘውን ሕፃን «ግግ አለው» ብሎ ገና ያልበቀለ ጥርሱን ከድዱ ፈልፍሎ ማውጣት በአንዳንድ አካባቢ ዛሬም አለ። ይህ ሕፃኑን ለደም መፍሰስና ለቁስል መመረዝ ያጋልጣል፤ ከሥሩ ያለውን ቋሚ ጥርስም ሊያበላሽ ይችላል። ክርስትና ለማንሣት የሚመጡ ወላጆችን በዚህ ላይ መምከር ለካህኑ የሚቀል ነው፤ ተቅማጥ ያለበት ሕፃን መድኃኒቱ በጤና ጣቢያ ነው፤ ደብተሩም ይሸፍነዋል።

6. ጊዜ መወሰን። የጀርመኖቹን ደብተር ልናወጣ አንችልም፤ ቀን መቁረጥ ግን እንችላለን። አንድ አጥቢያ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ከዓመታዊው ንግሥ በፊት ባለው ሳምንት፣ የወረዳውን የጥርስ ባለሙያ ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋን ጋብዞ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆችና የአብነት ተማሪዎች አፋቸውን እንዲያሳዩ ቢያደርግ፣ ቀዳዳው ሳያም ይገኛል። የተገኘበትም ልጅ ደብተሩን ይዞ በጊዜ ይሄዳል።

የውይይት ጥያቄዎች

ይህን ትምህርት በሰበካ ጉባኤ ስብሰባ ላይ ለሚያነቡ የሚከተሉት ጥያቄዎች ቀርበዋል።

ሀ. ከአጥቢያችን ካህናትና መምህራን መካከል የመድን አባል ያልሆነ ማን ነው? ያልሆነበትስ ምክንያት ምንድን ነው?
ለ. ባለፈው አንድ ዓመት ጥርሱን ያስነቀለ ምእመን ካለ፣ የት አስነቀለ? ከኪሱ ስንት ከፈለ? ደብተር ነበረው?
ሐ. ጤና ጣቢያችን እንደ ማደሪያው ጠባቂ ቢታይ፣ ከሦስቱ ነገሮች የጎደለው የትኛው ነው፤ ገንዘብ፣ ግልጽ ትእዛዝ ወይስ መተማመን?
መ. የጉባኤ ቤታችን ተማሪዎች ዛሬ ማታ ቢታመሙ ነገ የሚታከሙት በምንድን ነው?
ሠ. ዕድራችን አባሉ ሲሞት በአንድ ቀን ገንዘብ ያወጣል። አባሉ በሕይወት ሳለ ለመታከም የሚያስፈልገውን መዋጮ ለማሰባሰብ ዕድሩ ምን ሊረዳ ይችላል?

ማጠቃለያ

ከየኔታ ጋር የተለያየነው ሌላ ጥያቄ ጠይቀውኝ ነው። ከደቀ መዛሙርቱ አንዱ፣ ዜማ በመቀበል የታወቀው ልጅ፣ በመንጋጋ ጥርሱ ቀዝቃዛ ውኃ እየጠዘጠዘው ነበር። «ይህ ልጅ ደብተር የለውም፤ ቤቱ ከዚህ የስድስት ቀን መንገድ ነው። ምን ላድርግ?» አሉኝ። በዚያው ቀን ከሰበካ ጉባኤው ሊቀ መንበር ጋር ተቀምጠን ለወረዳው የሚላከውን ደብዳቤ አረቀቅን፤ የአሥራ አራት ተማሪዎች ስም ተዘርዝሮበታል። መልሱ እስኪመጣ ድረስ የልጁን የሕክምና ወጪ ሰበካ ጉባኤው ከምጽዋቱ እንዲሸፍን ተስማማ፤ ልጁም በማግሥቱ ጤና ጣቢያ እንዲሄድ ተወሰነ።

የየኔታ ጥርስ አይመለስም። የዚያ ልጅ ጥርስ ግን ገና በአፉ አለ። ሰበካ ጉባኤዎቻችን በየመዝገባቸው ሊጽፉት የሚገባው ሥራ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ነው፤ የዘገየውን ማጽናናት፣ ያልዘገየውን ደግሞ በጊዜ ማድረስ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።